የክረምቱ ዕረፍት በነጋዴው ቤት፤ ልጆችን በጥቂት ወጪ ስለ ማዝናናት

የሰኔ ወር ሲገባደድ በዳምቦያ ከተማ ሁለት ነገሮች በአንድ ጊዜ ይደርሳሉ። አንደኛው፥ ዝናቡ እየበረታ መንገዱም በጭቃ እየተያዘ ስለሚሄድ የገጠሩ ገበያተኛ ቁጥር ይቀንሳል፤ ገበሬውም ያለፈውን ዓመት እህል ጨርሶ አዲሱን የሚጠባበቅበት ወራት በመሆኑ ወደ ሱቅ የሚመጣው ብዙውን ጊዜ ገንዘብ ይዞ ሳይሆን ዱቤ ለመጠየቅ ነው። ሁለተኛው፥ ትምህርት ቤቶች ይዘጉና ልጆች ደብተራቸውን ጠቅልለው ወደ ቤት ይመለሳሉ። በዚህም ምክንያት ባለሱቁ ገቢው ባነሰበት በዚያው ጊዜ፥ ከጧት እስከ ማታ «አባባ፥ ዛሬ ምን እናድርግ?» የሚሉ ሦስትና አራት ልጆች ከመደርደሪያው ሥር ያገኛል።

በአገራችን የዘመን አቈጣጠር ክረምት የሚባለው ከሰኔ 26 እስከ መስከረም 25 ድረስ ያለው ወራት ነው። የትምህርት ቤቶችም ዕረፍት ከዚህ ውስጥ ሁለቱን ወር ከነትርፉ ይወስዳል። ይህን ያህል ጊዜ ልጆችን እንዴት አድርጎ ማሳለፍ እንደሚገባ በየቤቱ ይጠየቃል፤ መልሱም አብዛኛውን ጊዜ ከሁለት አንዱ ይሆናል። ገንዘብ ያለው ልጁን አዲስ አበባ ወዳለች አክስቱ ይልካል፤ የሌለው ደግሞ በጎዳናው ላይ ይለቀዋል ወይም ስልክ ይሰጠውና ጸጥ ያሰኘዋል። ነገር ግን ነጋዴ ሰው ሒሳብ ማወቅ ሥራው ስለሆነ፥ ሦስተኛውን መንገድ ከሒሳቡ ሊያገኘው ይችላል።

ሒሳቡም እንዲህ ነው። እንደ ማናቸውም ሸቀጥ ሁሉ የነጋዴም ጊዜ የሚወደድበትና የሚረክስበት ወራት አለው። እህል ተወቅቶ ገበሬው ገንዘብ በያዘበት በታኅሣሥና በጥር አንድ ሱቅ ለግማሽ ቀን ቢዘጋ ጉዳቱ የሚታይ ነው። በሐምሌ ግን ዝናቡ ከቀትር በኋላ ሲወርድ፥ ባለሱቁ በባንኮኒው ላይ ክንዱን አስደግፎ ጭቃውን ከመመልከት በስተቀር የሚሠራው ነገር ይጠፋዋል። ያ ሰዓት ምንም ዋጋ አያወጣም። ስለዚህ አባት በዓመት ውስጥ ለልጆቹ ሊሰጠው ከሚችለው ነገር ሁሉ በክረምት እጅግ የሚረክሰው የራሱ ሰዓት ነው ማለት ነው። ልጆቹ ደግሞ ከሁሉ ይልቅ የሚፈልጉት ይህንኑ መሆኑ የታወቀ ነው።

በሐድያና በከምባታ አገር ይህ ነገር እንደ ቀላል ጨዋታ የማይታይበት ምክንያት አለ። ካለፉት ሃያና ሃያ አምስት ዓመታት ወዲህ ከሆሳዕና፥ ከዱራሜና በዙሪያቸው ካሉት ከተሞች ብዙ ወጣቶች ወደ ደቡብ አፍሪካ ሄደዋል፤ ዛሬም ይሄዳሉ። ከዚያ የሚላከው ገንዘብ ቤት አሠርቷል፥ ሱቅ አስከፍቷል፥ ልጆችንም አስተምሯል፤ የንግዱ ማኅበረሰብም ከዚህ ገንዘብ ተጠቃሚ መሆኑን መካድ አይቻልም። የመንገዱም አስከፊነት የተሰወረ አይደለም። መጋቢት 15 ቀን 2012 ዓ.ም. በሞዛምቢክ ቴቴ በሚባለው አውራጃ በአንድ የጭነት መኪና ኮንቴይነር ውስጥ ታፍነው ሞተው የተገኙት 64 ስደተኞች ኢትዮጵያውያን ነበሩ። አባቱ ወይም ታላቅ ወንድሙ በዚያ ያለ የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ክረምቱን በሙሉ ከተላከለት ስልክ ጋር ሲያሳልፍ፥ መልካም ነገር ሁሉ በሩቅ አገር እንዳለ ያምናል፤ ከደጁ ሆኖ የሚያየው ተራራ ግን ምን ታሪክ እንዳለው የሚነግረው ሰው አያገኝም።

ስለዚህ ከተራራው መጀመር ይገባል። ሐምበሪቾ ከዳምቦያ በስተደቡብ ካለችው ከዱራሜ ከተማ አጠገብ የቆመ፥ ከፍታው ከ3,000 ሜትር በላይ የሆነ ተራራ ነው። በአገሩ ሽማግሌዎች ትውፊት የከምባታ ሰባቱ ነገዶች መነሻ ይህ ተራራ ነው ይባላል፤ ዎማ ተብለው ይጠሩ የነበሩት የከምባታ ነገሥታትም ታሪክ ከእርሱ ጋር የተያያዘ ነው። በቅርብ ዓመታት ወደ ላይ የሚያወጡ 777 ደረጃዎች ተሠርተውለት ከሩቅም ከቅርብም ሰው እየመጣ ይወጣዋል። ከዳምቦያ ለሚነሣ ቤተ ሰብ ወጪው እስከ ዱራሜ ደርሶ የመመለሻ የመኪና ዋጋ ነው፤ ስንቁ ከቤት ይያዛል፤ ቆሎ፥ የተቀቀለ ድንች፥ በእንሰት ቅጠል የተጋገረ ዳቦና ውሃ ከሆነ ይበቃል።

ወደ ሐምበሪቾ ለመሄድ የሚያስብ ሰው ሊጠነቀቅባቸው የሚገቡ ጥቂት ነገሮች አሉ። በክረምት ዝናቡ አብዛኛውን ጊዜ የሚወርደው ከቀትር በኋላ ስለሆነ ጕዞው በማለዳ ተጀምሮ እኩለ ቀን ሳይሆን መውረድ ያስፈልጋል። ጉሙ ጫፉን ሸፍኖት ባደረ ቀን ቢወጡ ድካም ብቻ ያተርፋሉ፤ ደመናው ከጠቆረና ነጐድጓድ ከተሰማ ደግሞ ስንት ደረጃ ቀረ ሳይሉ መመለስ ይሻላል። ደረጃዎቹን እንዲቈጥር ለልጅ ኀላፊነት መስጠት ጥሩ ዘዴ ነው። ቍጥሩ ከታወቀው ቍጥር ጋር አልስማማ ሲል በቤተ ሰቡ መካከል የሚነሣው ክርክር እስከ ማታ ያደርሳል፤ እንደገና ሄዶ ለመቍጠርም ምክንያት ይሆናል። ስድስት ዓመት ያልሞላቸውን ግን እስከ ጫፍ ለማድረስ መሞከር አባትን ተሸካሚ ከማድረግ በስተቀር ጥቅም የለውም፤ ለእነርሱ የመጀመሪያዎቹ መቶ ደረጃዎች በቂ ናቸው።

የተራራው ስም በኳስ ሜዳም የታወቀ ነው። ሐምበሪቾ ዱራሜ የተባለው ቡድን በ2015 ዓ.ም. ከከፍተኛ ሊግ አልፎ በ2016 ዓ.ም. በኢትዮጵያ ፕሪሚየር ሊግ ተጫውቷል። በዚያው ዓመት ወርዶ ቢመለስም፥ የትንሽ ከተማ ልጆች በትልቁ መድረክ ሊሰለፉ እንደሚችሉ ለአካባቢው ሕፃናት አሳይቷቸዋል። ኳስ ለመጫወት ኳስ መግዛት የግድ አይደለም። አሮጌ ካልሲ በጨርቅ ተሞልቶ በቃጫ ገመድ ቢታሠር አንድ ክረምት ያገለግላል፤ በየሱቁ የሚሸጠው ቀጭኑ የፕላስቲክ ኳስ ግን በመጀመሪያው እሾህ ላይ ዕድሜው ያልቃል፤ ይህንንም የሚሸጠው ባለሱቅ ራሱ ያውቀዋል።

ቃጫ ከተነሣ ዘንድ ስለ እንሰቱ መናገር ያስፈልጋል፤ ምክንያቱም ከጓሮው እንሰት የበለጠና ዋጋ የማይከፈልበት ትምህርት ቤት በዚህ አገር አይገኝም። ይሁን እንጂ የከተማ ነጋዴ ልጅ ቆጮ እየበላ አድጎ ቆጮ እንዴት እንደሚሠራ ሳያውቅ መቅረቱ እየተለመደ መጥቷል። በክረምት ልጆችን ይዞ በገጠር ወዳለችው አያታቸው ዘንድ ሦስትና አራት ቀን መቀመጥ ይህን ጕድለት ይሞላል፤ ስኳርና ሳሙና ይዞ ከመሄድ በቀር ሌላ ወጪ የለውም።

በዚያ ልጁ ሊያየው የሚገባው ብዙ ነው። እንሰት ከዘር አይተከልም። ገና ያልደረሰው ተክል በበጋ ይቈረጥና ሥሩ፥ ማለት አሚቾው፥ መካከለኛው ማደጊያ ወጥቶለት በአፈር ይቀበራል፤ ጥቂት ወራት ቆይቶ ዙሪያውን ብዙ ችግኝ ያበቅላል። ልጁ በክረምት ሲደርስ እነዚህን ችግኞች አንድ በአንድ ሊቈጥራቸው ይችላል። ከአንድ አሚቾ በደርዘን የሚቈጠር ችግኝ መውጣቱን ሲያይ፥ ዋናውን ገንዘብ ሳይነኩ በትርፍ ስለ መኖር አባቱ በሱቁ ደጋግሞ የሚነግረውን ነገር በዓይኑ አየው ማለት ነው። ችግኙ ከአንዱ ቦታ ወደ ሌላው እየተዛወረ አድጎ ለመፋቅ እስኪደርስ አያሌ ዓመታት ይፈልጋል፤ ስለዚህ ልጁ ዛሬ በእጁ ያዛወረውን እንሰት ቆጮ ሆኖ የሚበላው የከፍተኛ ሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ሲሆን ነው። አያቱ ይህን ችግኝ በስሙ ብትሰይምለት በየዓመቱ እየመጣ የሚያየው ነገር ያገኛል።

የእንሰት ዓይነቶችን ስም ማወቅም ራሱን የቻለ ጨዋታ ነው። በአንድ ጓሮ ውስጥ ብቻ አያሌ ዓይነት ይገኛል፤ አንዱ ለቆጮ፥ አንዱ ለቡላ፥ አንዱ አሚቾው ተቀቅሎ ለመብላት፥ አንዱ ቃጫው ስለሚጠነክር ይመረጣል፤ ለመድኃኒትነትም የሚፈለግ አለ። ሴቶቹ ከቅጠሉና ከግንዱ ቀለም እየለዩ በከምባትኛ ስማቸውን ይጠራሉ። ልጆች በሁለት ወገን ተከፍለው ብዙ ስም የያዘው ወገን እንዲያሸንፍ ቢደረግ አያትየዋ ዳኛ ትሆናለች፤ ከእርሷ የተሻለ ዳኛም አይገኝም። በዚህ አጋጣሚ አንድ ቁም ነገር ሊነገራቸው ይገባል። እንሰቱን የሚያጠወልገው የባክቴሪያ በሽታ በአገራችን በሳይንስ የተመዘገበው እ.ኤ.አ. በ1968 ሲሆን፥ ከተክል ወደ ተክል ከሚተላለፍባቸው መንገዶች አንዱ የታመመውን የቈረጠ ቢላዋ ነው። ስለዚህ ልጆች በአያታቸው ጓሮ ከአንዱ እንሰት ወደ ሌላው እየዘለሉ ቅጠል እንዳይቈርጡ መከልከል የጨዋታው የመጀመሪያ ሕግ መሆን አለበት።

ወደ ከተማ ሲመለሱ ሱቁ አለ። ዐሥርና ዐሥራ አንድ ዓመት የሆነውን ልጅ በገበያ ቀን ጧት ለሁለት ሰዓት ያህል ከአባቱ አጠገብ አስቀምጦ ሚዛን እንዲመለከት፥ መልስ እንዲያሰላ፥ የዱቤውን መዝገብ በንጹሕ ጽሕፈት እንዲገለብጥ ማድረግ ለልጁ ደስታ ነው። ነገር ግን እዚህ ላይ ወሰኑ መታወቅ ያስፈልጋል። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቍጥር 1156 ዕድሜው 15 ዓመት ያልሞላውን ልጅ መቅጠር ይከለክላል። የራስ ልጅ ተቀጣሪ ባይሆንም፥ በልጅነቱ ሱቅ ጠባቂ ሆኖ ክረምቱን በሙሉ የሚቀመጥ ልጅ ዕረፍት አገኘ አይባልም። ሁለት ሰዓት ትምህርት ነው፤ ዐሥር ሰዓት ግን ሥራ ነው። አንዳንድ ባለሱቆች ይህን ልዩነት ለመርሳት የሚፈጥኑ መሆናቸውን መደበቅ አያስፈልግም።

ከዚህ ሁሉ በላይ ነጋዴውን ከሌላው አባት የሚለየው አንድ ዕድል አለ፤ ይኸውም ዕቃ ለማምጣት ወደ አዲስ አበባ መሄዱ የማይቀር መሆኑ ነው። ጕዞው ለንግድ የታሰበ ስለሆነ ዋናው ወጪ አስቀድሞ ወጥቷል፤ አንድ ልጅ ቢጨመር የሚጨመረው የአንድ መቀመጫ ዋጋ ነው። ከሆሳዕና በቡታጅራ በኩል ወደ አዲስ አበባ የሚወስደው መንገድ ደግሞ ሌላው ዓለም ብዙ ገንዘብ ከፍሎ የሚመጣባቸውን ሁለት ቦታዎች አቋርጦ ያልፋል። ብዙ ነጋዴ ግን በመኪናው መስኮት እንኳ ሳያያቸው ዓመታት አልፈዋል።

የመጀመሪያው ጢያ ነው። በዚያ 36 የድንጋይ ሐውልቶች ቆመው ይገኛሉ፤ አብዛኞቹም የሰይፍና የሌላ ምልክት ቅርጽ የተቀረጸባቸው ናቸው። ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ1980 በዓለም ቅርስነት መዝግቧቸዋል። በእያንዳንዱ ድንጋይ ላይ ስንት ሰይፍ እንዳለ መቍጠር የማንኛውንም ልጅ ልብ ይስባል። ሁለተኛው ወደ አዲስ አበባ ቀረብ ብሎ በአዋሽ ወንዝ አጠገብ ያለው መልካ ቁንጥሬ ነው፤ ይህም ከባልጪት ጋር በአንድነት እ.ኤ.አ. በ2024 በዚያው መዝገብ ላይ ሰፍሯል። በዚያ የጥንት ሰዎች ከአንድ ሚሊዮን ዓመት በፊት ጀምሮ የሠሩባቸው የድንጋይ መሣሪያዎች ተገኝተዋል፤ ከእነዚህም ብዙዎቹ የተሠሩት ከጥቁሩ ባልጩት ነው። አባት በዚህ ስፍራ ለልጁ የሚነግረው አንድ የአገር ቤት ጨዋታ አለው፤ በሐድያና በጉራጌ ቆዳ የሚፍቁ ባለሙያዎች በእኛም ዘመን ቆዳ ይፍቁበት የነበረው ይኸው ባልጩት ነው። አዲስ አበባ ሲደርሱም አባት ከመርካቶ ወጥቶ አንድ ከሰዓት ቢሰጥ በብሔራዊ ሙዚየም ድንቅነሽን ያስተዋውቀዋል፤ እርሷም በ1967 ዓ.ም. በሐዳር የተገኘችው ናት። ሁሉንም ልጆች በአንድ ጊዜ መውሰድ ስለማይቻል በየጕዞው አንድ ልጅ በተራ ቢሄድ፥ ተራው የደረሰው ልጅ ሳምንቱን በሙሉ የሚታዘዝ መሆኑን እናቶች ይመሰክራሉ።

ዝናቡ ከቤት በማያስወጣበት ቀን ገበጣ አለ። ሠሌዳ የሌለው በመሬት ላይ ጕድጓድ ይቈፍራል፤ ለጠጠሩ ባቄላ ወይም የዛፍ ፍሬ ይበቃል። የጨዋታው ሕግ ከአገር አገር ይለያያል፤ ሪቻርድ ፓንክረስት እ.ኤ.አ. በ1971 ስለ ገበጣ ባወጡት ጽሑፍ ልዩ ልዩ ዓይነቶቹን ሰብስበው አቅርበዋል። ጠጠሩን አስቀድሞ በልቡ ቈጥሮ የመጨረሻው የት እንደሚወድቅ የሚያውቅ ልጅ መደመርና መቀነስ በግድ አይማርም። ተረትም እንዲሁ ነው። አባባ ተስፋዬ በመባል የታወቁትና በ2009 ዓ.ም. ያረፉት ተስፋዬ ሳህሉ ለብዙ ዓመታት የአገሩን ልጆች በቴሌቪዥን ዙሪያ ይሰበስቡ የነበረው በተረት ነበር፤ በየቤቱ ያሉት አያቶች ደግሞ ከዚያ የማያንስ ተረት በከምባትኛ ያውቃሉ፤ ጠያቂ ግን አጥተዋል። ቡሄ፥ ነሐሴ 13 ቀን፥ በሚከበርበት ቤት ልጆች ሳይጠሩ ስለሚወጡ ስለ እርሱ ብዙ መናገር አያስፈልግም። ችግኝ መትከልም በ2011 ዓ.ም. ከተጀመረው የአረንጓዴ ዐሻራ ዘመቻ ወዲህ የክረምት ልማድ ሆኗል፤ ከተተከለ በኋላ በበጋ ውሃ የሚያጠጣው ሰው ማን እንደሆነ አስቀድሞ ካልታወቀ ግን ልጁ በኋላ የደረቀ እንጨት ማየቱ አይቀርም።

የሚከለከል ነገርም አለ። የክረምት ወንዝ የበጋው ወንዝ አይደለም። ከዳምቦያ በስተምሥራቅ በኩል ወደ አባያ ሐይቅ የሚወርደው ቢላቴና ወደ እርሱ የሚገቡት ወንዞች ከላይ በዘነበ ዝናብ በድንገት ይሞላሉ፤ በመንደሩ ፀሐይ ወጥቶ ሳለ ጐርፍ ሊመጣ ይችላል፤ ስለዚህ ዋናና ልብስ ማጠብ ለልጆች ብቻ የሚተው አይደለም። በሻሾጎ ያለው የቦዮ ረግረግ በወፎቹ የታወቀ ቢሆንም ጕብኝቱ ለበጋ ቢቈይ ይሻላል፤ በቈላማው ወገን የወባ ትንኝ የምትበዛው ዝናቡ ሲያባራ ነውና አጎበር የሌለው ቤተ ሰብ በዚያ ማደር የለበትም። በገደላማ ቦታ ባለ ዘመድ ቤትም ሲሰነብቱ ተዳፋቱን መመልከት ያስፈልጋል። ሐምሌ 15 ቀን 2016 ዓ.ም. በጎፋ የወረደው የመሬት መንሸራተት ከሁለት መቶ በላይ ሰዎችን ገድሏል፤ ከእነርሱም ብዙዎቹ የተቀበሩትን ለማውጣት የተሰበሰቡ ነበሩ።

ለአስመጪውና ለጅምላ ነጋዴውም በዚህ ነገር የሚነገር ቃል አለ። በየዓመቱ በሰኔ ወደ እነዚህ ከተሞች የሚላከው የልጆች መጫወቻ በባትሪ የሚንቀሳቀስና በሳምንት የሚሰበር ነው፤ ባለሱቁም የሚሰማው ወቀሳ እንጂ ምስጋና አይደለም። የሚፈለገው ሌላ ነው፤ ባለቀለም እርሳስ፥ የሥዕል ደብተር፥ ጠመኔ፥ የመዝለያ ገመድ፥ በልጅ ልክ የተሠራ የዝናብ ካፖርትና የጎማ ቦት ጫማ ነው። የዝናብ ካፖርት በልጅ ቍጥር ስለማይገኝ እናቶች የአዋቂውን እየቈረጡ ይሰፋሉ፤ ወይም ልጁ እንደ አያቱ ዘመን የእንሰት ቅጠል ተከናንቦ ይሄዳል። የገበጣ ሠሌዳ ደግሞ ከውጭ አገር መምጣት አያስፈልገውም፤ የከተማው አናጢ በትርፍ ጣውላ ሊሠራው ይችላል።

ክረምቱ የሚዘጋው በመሳላ ነው። ይህ የከምባታ ሕዝብ በመስቀል ሰሞን የሚያከብረው ታላቅ በዓል ሲሆን በሐድያ ዘንድ ደግሞ ያሆዴ ይከበራል። ሴቶች ለዚያ ቀን ከወራት በፊት ጀምረው በማኅበር ቅቤ ያጠራቅማሉ፤ ወንዶች ለበሬው መግዣ ያዋጣሉ፤ የገበያውም ገንዘብ እንደገና መንቀሳቀስ የሚጀምረው ያን ጊዜ ነው። ቤተ ሰቡ በዚህ ልማድ ልጁን ቢጨምረው የሚያወጣው ገንዘብ የለም። በሐምሌ መጀመሪያ አንድ የወተት ቆርቆሮ ክዳኑ ተበስቶ ይሰጠዋል፤ መዝገብ ለገለበጠበት፥ ችግኝ ላዛወረበት፥ ደረጃውን በትክክል ለቈጠረበት ሳንቲም ይጣልለታል። በመስከረም ቆርቆሮው ይከፈትና ልጁ ገንዘቡን ይዞ ከባንኮኒው ወዲያ፥ ማለት ከገዢዎች ወገን ይቆማል። የሚገዛውን ነገር ራሱ ይመርጣል፤ ዋጋውንም ከአባቱ ጋር ይከራከራል። በዚያ ቀን አባት ለልጁ የሚያደርገው ቅናሽ ከሌላው ደንበኛ እንዳይበልጥ ይመከራል፤ ልጁ የሌላውን ደንበኛ ዋጋ ክረምቱን በሙሉ በመዝገብ ሲጽፍ ስለከረመ ልዩነቱን ያውቀዋልና።